ትምህርት፣ ሩጫና የቤተሰብ ኃላፊነት

በስፖርት ውድድር ቀን ተመልካች የሚያየው ሜዳውንና በሜዳው ላይ የሚሮጠውን ወጣት ብቻ ነው። ሩጫው ሲጀመር ይጮኻል፤ ሲፈጸም አሸናፊውን አድንቆ ወደየቤቱ ይመለሳል። ያ ወጣት በዚያው ዕለት ጧት ውኃ መቅዳቱን፣ ታናናሾቹን ማብላቱን፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን የቤት ሥራውን መሥራቱን፣ ባለፈው ሳምንት የታመመች እናቱን ሐኪም ቤት ማመላለሱን ግን ማንም ልብ አይልም። በመሆኑም ስለ ተማሪ ስፖርተኛ ሲነገር ዘወትር የሚነሣው ድሉ ነው። ድሉን ያስገኘው ኑሮ ተሸፍኖ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን የተሸፈነውን የኑሮ ክፍል መግለጽ ነው። አንድ ወጣት ትምህርቱን፣ ስፖርቱን፣ በቤተሰቡ ላይ የሚደርሰውን ችግርና ለአካባቢው ኅብረተሰብ የሚሰጠውን አገልግሎት እንዴት አቻችሎ ሊይዝ ይችላል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ በቅድሚያ የችግሩን ምንነት፣ ቀጥሎ በአንዲት ታዋቂ ሯጭ ሕይወት የታየውን ምሳሌ፣ በመጨረሻም ከምሳሌው የሚገኙትን ትምህርቶች እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የችግሩ ምንነት

ችግሩን በግልጽ ለመረዳት ያህል የአንዲትን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የአንድ ቀን ውሎ በሰዓት ከፋፍለን እንመርምር። ልጅቷ 8 ሰዓት ትተኛለች እንበል። ለትምህርትና ለትምህርት ቤት መንገድ 7 ሰዓት ያስፈልጋታል። ውኃ ለመቅዳት፣ ምግብ ለማብሰልና ታናናሾቿን ለመንከባከብ 3 ሰዓት፣ ለሩጫ ልምምድ 2 ሰዓት፣ ለጥናት 2 ሰዓት፣ ለመብላትና ለመታጠብ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ታውላለች። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ 23 ሰዓት ተኩል ይሆናሉ። ከቀኑ የሚተርፋት እንግዲህ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛው፣ ጊዜ የማይጨመር ሀብት መሆኑን ነው። የልምምዱ ሰዓት በአንድ ሰዓት እንዲጨምር ከተፈለገ ያ አንድ ሰዓት ከሌላ ሥራ ላይ መወሰድ አለበት። ብዙዎች በቅድሚያ የሚቀንሱት ከእንቅልፋቸው ነው፤ ቀጥለውም ከጥናታቸው ይቀንሳሉ። ይሁን እንጂ በልምምድ የደከመ ጡንቻ የሚጠገነው፣ በቀን የተማሩትም በአእምሮ ውስጥ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። በወጣትነት ዕድሜ ላይ የሚገኝ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ስለሆነም ከእንቅልፉ እየሰረቀ የሚሮጥ ተማሪ በአንድ እጁ የሰበሰበውን በሌላው እጁ ይበትናል።

ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለው የጊዜ ድልድል የሚሠራው በቤት ውስጥ ምንም ያልታሰበ ነገር እስካልደረሰ ድረስ መሆኑ ነው። አባት ከሥራ ቢወጣ፣ እናት ብትታመም፣ አጨዳ ቢደርስ፣ ጎረቤት ቢያዝን ያች ግማሽ ሰዓት ምንም አትበቃም። በዚያን ጊዜ ተማሪው ከሦስት አንዱን ለመተው ይገደዳል፤ ትምህርቱን፣ ስፖርቱን ወይም ቤተሰቡን።

ከዚህ የተነሣ ኃላፊነቶችን ማቻቻል ማለት ለሁሉም እኩል ጊዜ ማካፈል ማለት ሊሆን አይችልም። በአጋሰስ ጭኖ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ነጋዴ ጭነቱን ጧት አንድ ጊዜ አስሮ እስከ ማታ ዝም ብሎ አይነዳም። ዳገትና ቁልቁለት ባጋጠመው ቁጥር ቆም እያለ ያላላል፤ ያጠብቃል፤ ያዘነበለውን ያቃናል። ከከበደውም መንገደኛ ባልንጀራውን ይጠራል። የተማሪ ስፖርተኛም ኑሮ እንደዚሁ ነው። እንዴት እንደሆነ ከዚህ ቀጥሎ ከሚቀርበው ታሪክ እንረዳለን።

ለ. የዊልማ ሩዶልፍ ምሳሌ

ዊልማ ሩዶልፍ በ1940 በአሜሪካ በቴነሲ ክፍለ ግዛት በክላርክስቪል ከተማ አጠገብ ተወለደች። ወሯ ሳይደርስ በመወለዷ ክብደቷ 2 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነበር። አባቷ በሁለት ጋብቻ ካፈሯቸው 22 ልጆች መካከል ሃያኛዋ ነበረች። አባቷ በባቡር የመንገደኞችን ሻንጣ በመሸከምና ያገኙትን ሥራ ሁሉ በመሥራት፣ እናቷ ብላንች ደግሞ በነጮች ቤት በሠራተኛነት በመድከም ይህን ትልቅ ቤተሰብ ያስተዳድሩ ነበር።

ሕፃኗ በጨቅላነቷ የሳንባ ምችና ሌሎችም ኃይለኛ በሽታዎች ተፈራረቁባት። ከሁሉም የከፋው ግን የልጅነት ልምሻ ወይም ፖሊዮ ነበር። በዚህ በሽታ ምክንያት ግራ እግሯ ስለ ደከመ ለብዙ ዓመታት በብረት ድጋፍ ትራመድ ነበር። በዚያን ዘመን በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል የዘር ልዩነት በሕግ ጭምር የጸና በመሆኑ በክላርክስቪል ለጥቁሮች የሚሰጠው ሕክምና እጅግ አነስተኛ ነበር። ስለዚህ እናቷ በየሳምንቱ ልጃቸውን ይዘው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ናሽቪል ከተማ በአውቶቡስ ይመላለሱ ጀመር። በአውቶቡሱም ውስጥ ለጥቁሮች የተመደበው ቦታ ከኋላ ነበር።

ሐኪሞቹ እግሯ እንዴት እንደሚታሽ ለእናቷ አሳዩአቸው። እናቷም በተራቸው ለታላላቆቹ ልጆች አስተማሩ። ከዚያ በኋላ እነርሱ እየተፈራረቁ በቀን አራት ጊዜ እግሯን ያሹላት ነበር። 12 ዓመት ገደማ ሲሆናት ዊልማ የብረቱን ድጋፍ ትታ እንደ እኩዮቿ መራመድ ቻለች። ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የአንዲት ልጅ ጽናት ተደርጎ ይነገራል። በጥሞና ለተመለከተው ግን የአንድ ቤተሰብ በሙሉ ጽናት ነው።

ዊልማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትገባ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሆነች። በዚሁ ጨዋታ ላይ ሳለች የቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ሩጫ አሠልጣኝ የነበሩት ኤድ ቴምፕል ተመልክተዋት ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ከዩኒቨርሲቲው ሯጮች ጋር እንድትሠለጥን ጋበዟት። በ1956 ገና የ16 ዓመት ተማሪ ሳለች በሜልቦርን በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ በ4 በ100 ሜትር የዱላ ቅብብል ተሰልፋ ከጓደኞቿ ጋር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከባድ ፈተና ገጠማት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በፈጸመችበት በ1958 ልጅ ወለደች። በዚህ ሁኔታ ላይ የምትገኝ ወጣት ትምህርቷንም ስፖርቷንም ትታ እቤት መቅረቷ በብዙ አገር የተለመደ ነው። በዊልማ ላይ ግን ይህ አልደረሰም። ቤተሰቧ ሕፃኗን ለማሳደግ ተረከበ፤ አሠልጣኙም ከቡድናቸው አላስወጧትም። ስለሆነም በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባች። የትምህርት ወጪዋን ለመሸፈን በግቢው ውስጥ በየቀኑ ለ2 ሰዓት ያህል እየሠራች ትማርና ትሠለጥን ነበር።

ኤድ ቴምፕል በሰዓት አክባሪነታቸው የታወቁ አሠልጣኝ ነበሩ። ወደ ልምምድ ዘግይቶ የመጣ ሯጭ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ደቂቃ አንድ ዙር ተጨማሪ እንዲሮጥ ያደርጉ ነበር። ዊልማ አንድ ቀን እንቅልፍ ጥሏት 30 ደቂቃ በመዘግየቷ 30 ዙር ሮጠች። በማግሥቱ ከተቀጠረው ሰዓት 30 ደቂቃ ቀድማ ሜዳ ላይ ተገኘች። አሠልጣኙ ከሩጫ ይበልጥ ይከታተሉት የነበረው ግን ትምህርትን ነበር። ካሠለጠኗቸው ሴቶች መካከል ለኦሊምፒክ የበቁት 40 ሲሆኑ ከእነዚህ ውስጥ 39ኙ የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ፈጽመው ተመርቀዋል።

የ1960 የኦሊምፒክ ጨዋታ በሮም ተካሄደ። ዊልማ በ100 ሜትርና በ200 ሜትር ሩጫ አንደኛ ወጣች። በዱላ ቅብብሉም አራቱም ሯጮች የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የመጨረሻዋ ሯጭ ዊልማ ዱላውን ስትቀበል ቅብብሉ ተበላሽቶ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር፤ ይሁን እንጂ የቀደመቻትን ደርሳ በማለፍ ሦስተኛውን የወርቅ ሜዳሊያ ለቡድኗ አስገኘች። በአንድ ኦሊምፒክ በሩጫ ሦስት የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት እርስዋ ናት። ከዱላ ቅብብሉ ከሁለት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ ኢትዮጵያዊው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሮጦ አሸነፈ። በልጅነቷ በብረት ድጋፍ ትራመድ የነበረችው ወጣትና ያለ ጫማ የሮጠው ወታደር በአንድ ሳምንት ውስጥ ዓለምን ያስደነቁት እንዲህ ነበር።

ዊልማ ወደ ትውልድ ከተማዋ ስትመለስ የክብር ሰልፍና የእራት ግብዣ ተዘጋጀላት። በከተማው ልማድ መሠረት እንዲህ ያለው ዝግጅት ጥቁሮችንና ነጮችን ለያይቶ የሚደረግ ነበር። እርስዋ ግን ሕዝቡ ተለያይቶ በሚቀመጥበት ግብዣ ላይ እንደማትገኝ አስታወቀች። ከዚህም የተነሣ ጥቁሮችና ነጮች በአንድነት ተሰልፈው፣ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ተቀበሏት። በከተማይቱ ታሪክ የሁለቱ ዘር ሰዎች አንድ ላይ የተገኙበት የመጀመሪያው የከተማ በዓል ይኸው ነበር። የ20 ዓመቷ ተማሪ ድሏን ለራሷ ክብር ብቻ ሳታውል የተወለደችበት ኅብረተሰብ ቁስል እንዲጠገን ተጠቀመችበት።

በ1962 ከውድድር ዓለም ራሷን አገለለች። በ1963 በመምህርነት ሙያ ተመርቃ በትውልድ ከተማዋ መምህርትና አሠልጣኝ ሆነች። በዚያው ዓመት ጥቁሮችን አላስተናግድም ያለ ምግብ ቤት አሠራሩን እንዲለውጥ በተደረገው ተቃውሞ ተካፈለች። በ1981 ደግሞ ወጣቶችን በስፖርትና በትምህርት የሚረዳ ድርጅት በስሟ አቋቋመች። በ1994 በ54 ዓመት ዕድሜዋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች።

ሐ. ከምሳሌው የሚገኙ ትምህርቶች

የመጀመሪያው ትምህርት የሚቆየውን ከማይቆየው መለየት ነው። ዊልማ ውድድርን ስታቆም ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበረች። ከዚያ በኋላ 32 ዓመት ኖራለች። በእነዚያ ዓመታት መተዳደሪያ የሆናት ፍጥነቷ ሳይሆን ትምህርቷና በትምህርቷ ያገኘችው ሙያ ነው። የዓለምን ፈጣን ሴት የሩጫ ዕድሜ ይህን ያህል አጭር ካደረገው፣ ሜዳሊያ ለማያገኙት ለብዙዎቹ ሯጮችማ ትምህርት ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በመሆኑም በቤት ውስጥ ችግር ደርሶ ከሦስቱ አንዱን ለጊዜው ማቆየት ግድ ቢሆን በቅድሚያ መቀነስ ያለበት ውድድር ነው። አንድ ወቅት ያልተሮጠ ሩጫ በሚቀጥለው ወቅት ይሮጣል። የተቋረጠ ትምህርት ግን ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል።

ሁለተኛው ትምህርት ሸክምን ማካፈል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የዊልማን እግር በቀን አራት ጊዜ ያሹ የነበሩት ወንድሞችና እኅቶች፣ ልጇን የተረከበው ቤተሰብ፣ ከቡድኑ ያላስወጧት አሠልጣኝ እያንዳንዳቸው ከሎሚው ድርሻቸውን ወስደዋል። ብዙ ተማሪዎች በቤታቸው የደረሰውን ችግር ለመምህራቸው መናገርን እንደ ነውር ይቆጥሩታል። እናቱ ታማ አንድ ሳምንት ከልምምድ የቀረ ተማሪ ምክንያቱን ካልገለጸ አሠልጣኙ እንደ ሰነፍ ይቆጥረዋል፤ መምህሩም ይቀጣዋል። በአንጻሩ ሁኔታውን አስቀድሞ ቢያስረዳ ፈተናው ሊዘገይለት፣ የልምምዱ ሰዓትም ሊለወጥለት ይችላል። ችግርን በወቅቱ መናገር ልመና አይደለም፤ የሥራ ዕቅድ አካል ነው።

ሦስተኛው ትምህርት አንዱን ሥራ ለሌላው አጋዥ ማድረግ ነው። ለዚህ ከአገራችን የሚጠቀሰው ምሳሌ በአርሲ ምድር በአሰላ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ኃይሌ ከአሥር ልጆች አንዱ ነበር፤ እናቱም ገና በልጅነቱ ሞተውበታል። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን 10 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጧት ሮጦ ይሄድ፣ ከትምህርት በኋላም ሮጦ ይመለስ ነበር። ደብተሮቹን በብብቱ ይዞ መሮጥ ስለ ለመደ፣ ታዋቂ ሯጭ ከሆነ በኋላ እንኳ ግራ ክንዱን ደብተር እንደ ያዘ ሰው አጥፎ ሲሮጥ ይታይ ነበር። ለኃይሌ የትምህርት ቤት መንገድ የጠፋ ጊዜ አልነበረም፤ ልምምዱ ያ ነበር። በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር ያገኛቸው የወርቅ ሜዳሊያዎች መሠረታቸው በዚያ መንገድ ላይ ተጥሏል።

የኃይሌ ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል። አባቱ መጀመሪያ ላይ ልጃቸው በሩጫ መድከሙን አይወዱም ነበር። ከእርሻ ሌላ መተዳደሪያ ለማያውቅ ገበሬ ሩጫ የእርሻን ጉልበት በከንቱ የሚያባክን ጨዋታ መስሎ ቢታይ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ቤተሰቡ ስፖርትን የሚቃወምበት ተማሪ ወላጆቹን እንደ ጠላት ሊያይ አይገባውም። የሚያስጨንቃቸው የልጃቸው ነገ ነው። የቤቱን ሥራ ሳያጓድል፣ የትምህርቱንም ውጤት ሳያወርድ ከሮጠ ክርክሩ ቀስ በቀስ በራሱ ይረግባል።

አራተኛውና የመጨረሻው ትምህርት የተቀበሉትን መመለስ ነው። ሰው በሌሎች ትከሻ ተደግፎ ካደገ የእርሱም ትከሻ ለሌሎች መድረስ አለበት። ዊልማ ይህን ያደረገችው የመቀመጫ ልዩነትን በመቃወም፣ ቀጥሎም በማስተማር ነው። ኃይሌም በበኩሉ ትምህርት ቤቶችን አሠርቷል። ሆኖም ኅብረተሰብን ማገልገል ሜዳሊያ እስኪገኝ የሚዘገይ ነገር አይደለም። ቅዳሜ ጧት የሠፈሩን ሕፃናት ሰብስቦ ለአንድ ሰዓት ማሯሯጥና ፊደል ማስቆጠር፣ ለአንዲት ደካማ ባልቴት በሳምንት አንድ ቀን ውኃ መቅዳት በቂ መጀመሪያ ነው። አገልግሎቱ ትንሽ ሆኖ የማይቋረጥ ቢሆን፣ ትልቅ ሆኖ ከሳምንት በኋላ ከሚቀር ይሻላል። የቀኑንም ድልድል አያፋልስም።

መ. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተገለጸው የተማሪ ስፖርተኛ ትልቁ ችግር የሰዓት ማነስና ያልታሰበ የቤተሰብ ችግር ናቸው። እነዚህን በጉልበት ብቻ መቋቋም አይቻልም። የሚቻለው የሚቆየውን በማስቀደም፣ ሸክምን በማካፈል፣ አንዱን ሥራ ለሌላው አጋዥ በማድረግና የተቀበሉትን በመመለስ ነው። በመጪው የውድድር ቀን በሜዳው ዳር ስትቆሙ አሸናፊውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻ የሚደርሰውንም ልጅ ተመልከቱ። ምናልባት በዚያ ዕለት ከሁላችሁም ቀድሞ ተነሥቶ ብዙ ሥራ ሠርቶ የመጣው እርሱ ይሆናል። ጓደኛችሁ ከሆነም ከሎሚው ጥቂቱን ተቀበሉት።

መልመጃ

1. በጽሑፉ ውስጥ የቀረበው የተማሪዋ የአንድ ቀን የጊዜ ድልድል ምን ሁለት ነገሮችን ያስረዳል?
2. የዊልማ ቤተሰብ ያደረገላትን እርዳታ በቅደም ተከተል አስረዱ። ያለዚህ እርዳታ ሕይወቷ ምን ሊመስል ይችል ነበር?
3. ጸሐፊው «ችግርን በወቅቱ መናገር ልመና አይደለም» ያለው ለምንድን ነው? በሐሳቡ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን ስጡ።
4. በጽሑፉ ውስጥ «ስለሆነም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «በአንጻሩ» እና «በመሆኑም» የተባሉት አያያዥ ቃላት የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ የትኛው ምክንያትንና ውጤትን፣ የትኛው ተቃራኒ ሐሳብን እንደሚያያይዝ ለዩ።
5. የራሳችሁን የአንድ ቀን ውሎ በሰዓት ከፋፍላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ፣ «ያልታሰበ ችግር ቢደርስብኝ ከየትኛው ሥራ ላይ ጊዜ እቀንሳለሁ? ለምን?» በሚል ርዕስ ሦስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ።